ያልተሟሸ ሸራ

(ለሹፌሮች፣ ለመካኒኮችና ለምህንድስና ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

እንደምን አመሻችሁ።

በእጄ የያዝኩትን ነገር ከኋላ የተቀመጣችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። የፍሬን ሸራ ነው። ከገዛ መኪናዬ የወጣ። ውፍረቱ ብዙም አልቀነሰም። ይኼኛው ደግሞ ይፋተግበት የነበረው ዲስክ ነው። ጣቴን ሳስኬድበት መሃሉ ጎድጉዷል፤ እንደ ድሮ የሸክላ ዘፈን መስመር መስመር ሠርቷል።

ታሪኩ አጭር ነው። ሸራ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣና አንዱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ አይበላም» አለኝ። የማይበላ ዕቃ ማን ይጠላል? ገዛሁ። ስድስት ወር ሳይሞላ ፍሬን ስይዝ ፉጨት ጀመረ። ቀጥሎ ፉጨቱ ወደ መፋጨት ዞረ። ጎማው ሲፈታ መካኒኩ ሳቀ። ሸራው እውነትም አልተበላም፤ ዲስኩን በላው እንጂ።

ሻጩ አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ግማሽ ጥያቄ የጠየቅኩት። «ይበላል ወይ?» ብቻ አይበቃም። ከምን ጋር ሲፋተግ? በስንት ሙቀት? በደረቅ ነው በእርጥብ? መበላት የአንድ ዕቃ ጠባይ አይደለም። እንደ ጠብ ነው፤ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ቦታውም ወሳኝ ነው።

ትምህርት ቤት «ሰበቃ» ወይም «ፍትጊያ» ተብሎ የተማርነውን ነገር ጋራዥ ውስጥ በጣሊያንኛ እንጠራዋለን። ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለያየው ዕቃ፣ ቃሉ ራሱ ፍትጊያ ማለት ነው። ፍሬን የሚለው ቃል ደግሞ በጣሊያንኛ የፈረስ ልጓምም ነበር። ስለዚህ አንድ መካኒክ «ፍሪሲዮኑ ተበልቷል» ሲላችሁ፣ አንድ ሙሉ የሳይንስ ዘርፍ በሁለት ቃል ጨረሰላችሁ ማለት ነው። ፍትጊያና መበላት። ፈረንጆቹ ለዘርፉ «ትራይቦሎጂ» የሚል ስም ያወጡለት በ1966 ነው፤ «ትሪቦስ» ከሚለው የግሪክ ቃል፣ መፋተግ ማለት ነው። የኛ «መበላት» ግን ለእኔ ከነሱ ቃል ሁሉ ይበልጥብኛል። የሚበላ እንዳለ ይናገራል።

«ሸራ»ስ ከየት መጣ? ዛሬ የምንገዛው ሸራ ድንጋይ የሚመስል ጥቁር ነገር ነው፤ ጨርቅነት የለውም። የመጀመሪያዎቹ ግን እውነትም ጨርቅ ነበሩ። እንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር በሚባል ተራራማ ቦታ፣ ኸርበርት ፍሩድ የሚባል ሰው በ1890ዎቹ የጋሪ ነጂዎችን ያያል። ቁልቁለት ሲወርዱ የእንጨቱ ፍሬን ይንሸራተትባቸዋል። ነጂዎቹ ታዲያ አሮጌ የጫማ ቆዳ በእንጨቱ ላይ ይመቱበታል። ያኔ ይይዛል። ፍሩድ ከዚህ ተነስቶ በ1897 ሥራ ጀመረ። በሙጫ መሰል ነገር የተነከረ የጨርቅ ቀበቶ ለፍሬን ሸጠ። መኪና ሲመጣ ጥጡ ሙቀቱን አልቻለም፣ ማረር ጀመረ። በ1908 ወደ አስቤስቶስ ዞረ። ፌሮዶ የሚለውን ስም ታውቁታላችሁ? የፍሩድ ስም ፊደላት ተገለባብጠው አንድ ፊደል ተጨምሮባቸው ነው። አስቤስቶስ ሳንባ እንደሚገድል ዓለም አምኖ እስኪተወው ብዙ አሥርት ዓመታት ሄዱ። የአውሮፓ ኅብረት ሙሉ በሙሉ የከለከለው በ2005 ነው።

ዛሬ ሸራ ውስጥ ያለውን እንይ። መያዣው ፌኖሊክ የሚባል ሙጫ ነው፤ ሊዮ ቤክላንድ በ1907 የሠራው የቤክላይት ዘመድ። አሮጌ ጥቁር ስልክ ያስታወሰ ሰው ቤክላይትን ያውቀዋል። ሙጫው ብቻውን ፍሬን አይሆንም፤ ይሰባበራል፣ ሲግል ያራል። ስለዚህ ቅንጣት ይሞላል። አሉሚና ወይም ዚርኮን፣ ከዲስኩ ብረት በጣም የሚጠነክሩ፣ የሚፍቁ። ግራፋይት፣ የእርሳስ ውስጡ ጥቁር ነገር፣ የሚያለሰልስ። ባራይት፣ ርካሽና ከባድ ድንጋይ፣ ቦታ የሚሞላ። የጎማ ፍርፋሪ፣ ድምፅ የሚውጥ። የብረት ክር፣ አራሚድ የሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር። አንዱ በጣም ያስቀኛል፦ የካሹ ለውዝ ቅርፊት። ከቅርፊቱ የሚወጣው ፈሳሽ ይጠነክርና ይፈጫል፣ ከዚያ ሸራ ውስጥ ይገባል። የምትበሉት ካሹ ቅርፊቱ መኪና እያቆመ ነው።

ጭቃ ቤት ያስገነባ ሰው ይህ አይገርመውም። ጭድ የሌለው ጭቃ ይሰነጠቃል። ጭድ የበዛበት ደግሞ ይረግፋል። ሸራም እንዲሁ ነው። ቅንጣቱ ሲበዛ ሙጫው ሁሉንም መያዝ ያቅተዋል። የተነቀለው ጠንካራ ቅንጣት በሸራውና በዲስኩ መሃል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ይፍቃል። የእኔ ሸራ ጥፋትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። «አይበላም» ለማሰኘት ጠንካራው ቅንጣት በዝቶበታል።

እስካሁን ያልኩት ግን ግማሹ ነው፤ ትልቁ ነገር አልተነካም። ብዙ ሰው ቅንጣት የሚጨመረው ዕቃውን ለማጠንከር ብቻ ይመስለዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ ያገለገለ ሸራ በማይክሮስኮፕ ስታዩ ለጥ ያለ ሜዳ አታገኙም። ደጋና ቆላ ነው። ዲስኩን የሚነኩት ጥቂት ትናንሽ አምባዎች ብቻ ናቸው፤ ስፋታቸው ከሚሊሜትር በታች። ስዊድን አገር፣ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚህን አምባዎች በደንብ አጥንተዋል። አንድ ጠንካራ ክር ወይም ቅንጣት መሬቱን ይዞ ይቆማል። ከሸራውና ከዲስኩ የተፋቀው ብናኝ እየተንከባለለ መጥቶ ከፊቱ ይከመራል። ጎርፍ ያመጣው ደለል ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚከመረው። ከዚያ ግፊትና ሙቀት ይጠቀጥቁታል፤ ይጠብቃል፣ ያብረቀርቃል። መኪናችሁን የሚያቆመው በአብዛኛው ይህ የተጠቀጠቀ ብናኝ ነው። ፋብሪካው የሠራው ሸራ ሳይሆን፣ ከሸራው ፍርስራሽ መንገድ ላይ የተሠራ ሌላ ሸራ ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ከእናቴ ማድ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ እንደመጣ አይጋገርበትም። ይሟሻል። የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ ይታሻል፣ ይግላል፣ እንደገና ይታሻል። ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ይደርቃል፣ ይጠቁራል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል። የተሟሸው ይለቃል። እንጀራው የሚነካው ሸክላውን አይደለም፤ በላዩ የተሠራውን ስስ ቆዳ ነው። ቆዳውም በየጋገራው ትንሽ ትንሽ እየተበላ በማሰሻው ይታደሳል።

ሸራም ይሟሻል። ቅንጣቱ የሚገባው ለጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ የሚሟሸው ቆዳ የሚይዘው ነገር እንዲያገኝ ጭምር ነው። የዛሬ ምሽት ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ያዙ።

ፍሬን እንዲይዝ የምንፈልገው ዕቃ ነው። አሁን ወደ ተቃራኒው እንሂድ፤ እንዲንሸራተት ወደምንፈልገው።

አፕሪል 6 ቀን 1938፣ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ። ሮይ ፕለንኬት የሚባል የዱፖንት ወጣት ኬሚስት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ እየሞከረ ነበር። ጋዝ የሞላበት ሲሊንደር ሲከፈት ምንም አልወጣም። ሲመዘን ግን ክብደቱ አልጎደለም። በመጋዝ ተቆረጠ። ውስጡ ነጭ፣ ሰም ሰም የሚል ዱቄት ተገኘ። ቴፍሎን ተወለደ።

ቴፍሎን ከጠጣር ነገሮች ሁሉ በጣም ከሚያንሸራትቱት አንዱ ነው። ታዲያ የሚሽከረከር ዘንግ የሚያርፍበትን ዕቃ፣ ኩሽኔታውንና ቡሹን ሁሉ፣ ለምን ከእሱ አንሠራም? ይበላላ! ያውም ክፉኛ። የሚያንሸራትት ነገር አይበላም የሚለው ግምት እዚህ ይወድቃል። ቴፍሎን የሚያንሸራትተው ውስጡ ያሉት ረጃጅም ሰንሰለቶች አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚሸሹ ነው። ሲሸሹ ደግሞ ገጹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስስ በስሱ ይወልቃል። ልጣጩ ትልቅ ስለሆነ ብረቱ ላይ አይጣበቅም፤ ተጠርጎ ይወጣል። ሥራውን የሚያሳምረውም የሚገድለውም ያው አንድ ጠባይ ነው።

ቅንጣት ሲጨመርበት ልጣጩ ያንሳል። ትንሹ ልጣጭ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ስስ ቆዳ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ቴፍሎን የሚሸሸው በቴፍሎን ላይ ነው። ብረቱ ተሟሸ ማለት ነው። ነሐስ፣ ካርቦን፣ የብርጭቆ ክር ከድሮ ጀምሮ ሲጨመሩ ኖረዋል። በ2003 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ግሬግ ሶየርና ባልደረቦቹ 38 ናኖሜትር የሚያህሉ የአሉሚና ቅንጣቶች ጨመሩ። አንዲት የፀጉር ዘለላ ከዚህ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ትወፍራለች። ከክብደቱ 20 በመቶው አሉሚና ሲሆን መበላቱ 600 ጊዜ ያህል ቀነሰ። ስድሳ አላልኩም። ስድስት መቶ። ፍትጊያው ደግሞ ብዙም አልጨመረም።

በዚህ ጊዜ እኔ የተማሪ ነገር ሆኖብኝ «በቃ፣ ሁሉ ነገር ላይ ቅንጣት መጨመር ነው» ብዬ ነበር። የሚቀጥለው ታሪክ ከዚህ አመለካከት ያወጣኝ ነው።

ጆን ቻርንሊ እንግሊዛዊ የአጥንት ሐኪም ነበር። ራይቲንግተን በሚባል ሆስፒታል የሚሠራ። የተበላ የዳሌ መገጣጠሚያ ሊተካ ፈለገ። ከ1958 ጀምሮ የቴፍሎን ጽዋ በዳሌ አጥንት ውስጥ፣ የብረት ኳስ በጭን አጥንት ጫፍ አደረገ። አንካሳ ሄደ፤ ደስታ ሆነ። ደስታው ግን አልቆየም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ጽዋው ተበላ፣ ብናኙም ዙሪያውን ሥጋ አስቆጣ። ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ነበር ያከመው። ቻርንሊ ቅንጣት የተሞላ ቴፍሎንም ሞከረ። ላቦራቶሪ ውስጥ ግሩም ነበር፤ ከተራው በብዙ እጥፍ በለጠ። በሰው አካል ውስጥ ግን አልረባም። ጭራሽ የብረቱን ኳስ ይፍቅ ጀመር።

ለምን? መገጣጠሚያ እርጥብ ነው። ፈሳሹ ብረቱን ያጥበዋል። ቆዳው የሚለጠፍበት ደረቅ ገጽ አያገኝም። ምጣዱ አልተሟሸም። ቆዳ ከሌለ ደግሞ ቅንጣቱ ራቁቱን ቀረ፤ ራቁቱን የቀረ ጠንካራ ቅንጣት ሞረድ ነው።

መፍትሔው በ1962 በሻጭ በኩል መጣ። አንድ ሰው ለሽመና ማሽን ማርሽ የሚሆን የጀርመን ፕላስቲክ ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ይመጣል። ፖሊኤቲሊን፣ የፌስታል ዘመድ፣ ግን ሰንሰለቱ እጅግ የረዘመ። ቻርንሊ በጥፍሩ ቧጨረውና ጊዜ ማጥፋት ነው አለ። ወደ ኮፐንሃገን ለስብሰባ ሄደ። የመሣሪያ ሠራተኛው ሃሪ ክሬቨን ግን አልሰማውም፤ ማሽን ላይ ጫነው። ለሦስት ሳምንት ሌት ተቀን ሲፋተግ የተበላው፣ ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚበላው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቻርንሊ የሁለቱንም ፕላስቲክ ብናኝ በገዛ ጭኑ ውስጥ ቀበረ። ከ9 ወር በኋላ ቴፍሎኑ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ሆኗል። ፖሊኤቲሊኑ የለም፤ ጣት አያገኘውም። እንዲህ ዓይነት ሐኪም ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያስረው ነበር። እኔ ግን ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

አንድ ዓይነት ቅንጣት፣ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፤ ደረቅ ላይ ጀግና፣ እርጥብ ላይ ጠላት። ካታሎግ ላይ «የመበላት መጠን» የሚል ቁጥር ስታዩ በምን ሁኔታ የተለካ እንደሆነ ካልተጻፈ አትመኑት።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ቁልቁለት አለ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ። በልጅነቴ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የማስታውሰው ሽታውን ነው። የተቃጠለ ፀጉር ይመስላል። ተሳፋሪው «ሸራው ሸተተ» ይላል፣ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ይወርዳል።

ሂሳቡን እንሥራ። 30 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ (አባይ ከዚህም ይበልጣል) ወደ 294 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል። ስምንት ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት ነው። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ይህ ሁሉ ሙቀት የሚገባው በሸራውና በታምቡሩ (በጭነት መኪና የዲስኩን ሥራ በሚሠራው ክብ ብረት) መሃል ነው። ሙጫ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም፤ ከብረት ጋር ሲወዳደር ብርድ ልብስ ነው። ገጹ ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ ፌኖሊኩ መበስበስ ይጀምራል። ጋዝ ይወጣል። ሽታው እሱ ነው። ያን ጊዜ አምባዎቹን የሚያስር ነገር ይላላል፣ የተሟሸው ቆዳ ይፈርሳል፣ ፍትጊያው ይወርዳል። ሹፌሩ ይረግጣል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም። የተበጠሰው ዓይን የማያየው ስስ ቆዳ ነው።

አሮጌ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሙቀቱን ሞተሩ ይካፈለዋል።

ብናኙ ወዴት ይሄዳል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ወደ አየርና ወደ ወንዝ ነው። ሸራ ውስጥ የነበረው መዳብ በዝናብ ታጥቦ ሳልሞን ዓሣን ስለሚጎዳ አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተንና የካሊፎርኒያ ግዛቶች በ2010 ሕግ አወጡ። ከ2025 ጀምሮ እዚያ ከግማሽ በመቶ በላይ መዳብ ያለበት ሸራ አይሸጥም። አውሮፓ በ2024 ያወጣው ዩሮ 7 የተባለ የመኪና ብክለት ደንብ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍሬን ብናኝን በሚሊግራም ለክቷል፦ ለተለመደው የቤት መኪና በኪሎሜትር 7፣ በባትሪ ብቻ ለሚሄደው 3። መዳብ ሙቀት ያሳልፍ ነበር፣ ቆዳውንም ይሠራ ነበር። እሱን የሚተካ ቅንጣት ፍለጋ የዘርፉን ሰዎች እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳል።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት የታክሲ ባለቤት «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገ ጠዋት ሱማሌ ተራ ሸራ ልገዛ ስሄድ ምን ልበል?» አለችኝ። ሰው ሳቀ። ጥያቄዋ ግን ከእኔ ንግግር ይሻል ነበር።

የነገርኳት ይህን ነው። የሸራውን ጠርዝ ወይም ጀርባ እይ። ብዙዎቹ ላይ ከኮዱ መጨረሻ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። የመጀመሪያው ሸራው በመጠኑ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል፤ ሁለተኛው ሲግል። ኢ ማለት የፍትጊያ ቁጥሩ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ ሸራው ሲግል ይከዳል። ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና አትግዢው። ፊደሎቹ ስለ መበላት ግን ምንም አይናገሩም፤ «አይበላም» የሚልሽ ሻጭ ካጋጠመሽ ደግሞ «ዲስኩስ?» በይው።

«ከዚያስ?»

ከዚያ አሟሺው። አዲስ ሸራ ባስገባሽ ቀን መንገደኛ አትጫኚ። ጭር ያለ መንገድ ፈልጊ። ከ50 ኪሎሜትር ፍጥነት ወደ 10 ቀስ ብለሽ አብርጂ፣ ጭራሽ ሳትቆሚ። ልቀቂ፣ ትንሽ ሂጂ፣ ይቀዝቅዝ። ሃያ ጊዜ ያህል ድገሚው። መጀመሪያ ላይ ፍሬኑ ሰነፍ ይመስልሻል። ወደ አሥራ አምስተኛው ላይ እግርሽ ልዩነቱን ያውቀዋል።

«እንደ ምጣድ ነዋ» አለች። ጎመን ዘር እንዳትነሰንስበት ብቻ አደራ አልኳት።